የጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ፉሳኤ ኦታ፦ ወንበሩ እንዴት ተገኘ? እንዴትስ ታጣ?

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ዲግሪዬ ስለ ሴቶች የፖለቲካ ተሳትፎ ጥናት እየሠራሁ ነው። ጃፓን ውስጥ ግዛት የመራችው የመጀመሪያዋ ሴት የቶኪዮዋ ዩሪኮ ኮይኬ ናት ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ግን “የኦሳካዋን ፉሳኤ ኦታን ፈልጊ” አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ ስለ እሷ የማገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴት ስለሆነች የሱሞ ትግል መድረክ ላይ እንዳትወጣ መከልከሏ። ገዥ ሆና እንዴት ትከለከላለች? አዛዥዋ እሷ አይደለችም? የሴቶች ንቅናቄ ለሥልጣን ካበቃት በኋላስ ለሴቶች ምን ሠራች? ጥናቴን በእሷ ላይ ላድርገው ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

ምላሽ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ዩሪኮ ኮይኬ ቶኪዮን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው እንጂ ግዛት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት አይደሉም። የተመረጡት በ2016 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፉሳኤ ኦታ ኦሳካ ላይ ያሸነፉት ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2000 ነው። በመካከላቸው አምስት ሴቶች አሉ። በዚያው በ2000 አፕሪል ላይ ዮሺኮ ሺዮታኒ ኩማሞቶን ያዙ። በ2001 አኪኮ ዶሞቶ ቺባን፣ በ2003 ሃሩሚ ታካሃሺ ሆካይዶን፣ በ2006 ዩኪኮ ካዳ ሺጋን፣ በ2009 ሚኤኮ ዮሺሙራ ያማጋታን ተረከቡ። ኮይኬ ሰባተኛ ናቸው።

ስም ላይም ይጠንቀቁ። መረጃ ሲፈልጉ ሌላ «ፉሳኤ» ይመጣብዎታል፤ ፉሳኤ ኢቺካዋ። እሳቸው በ1893 ተወልደው በ1981 ያረፉ፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ሴት ናቸው። ከኦሳካዋ ገዥ ጋር አይገናኙም። ከተማ የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት ደግሞ ሌላ ናቸው። በ1991 የአሺያ ከተማ ከንቲባ የሆኑት ጠበቃዋ ሃሩኤ ኪታሙራ ናቸው። በ1995 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማቸውን ሲያፈርሰው ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከንቲባና ገዥ በጥናትዎ ውስጥ አንድ ላይ እንዳይገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ልሂድ። የጃፓንን ግዛት በእኛ ክልል ዓይን ካዩት ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል። ጃፓን ፌዴሬሽን አይደለችም። 47ቱ ግዛቶች የራሳቸው ሕገ መንግሥት የላቸውም፤ አብዛኛው ሕግና ብዙው ገንዘብ ከቶኪዮ ይመጣል። በሌላ በኩል የእኛን ርዕሰ መስተዳድር የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ሲሆን የጃፓንን ገዥ የሚመርጠው ሕዝቡ ራሱ ነው። ቀጥታ ምርጫው የተጀመረው በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ገዥ የሚሾመው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። ስለዚህ ገዥው የሕዝብ ድምፅ ይዞ ይቀመጣል፤ ኪሱ ግን ሁልጊዜ የራሱ አይደለም። ይህን ካልያዙ የኦታ ስምንት ዓመት አይገባዎትም።

የጊዜውን ርዝመትም ይመልከቱት። የጃፓን ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1945 ማለቂያ ላይ ነው። በአፕሪል 1946 ምርጫ 39 ሴቶች ፓርላማ ገቡ። ገዥ በቀጥታ መመረጥ ከጀመረ በኋላ ግን 53 ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት እንኳ ወንበሩ ላይ አልወጣችም። መብቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ ጠፍቶ የቆየው መንገዱ ነው። የጃፓን ገዥ ከየት ይመጣል ብለው ቢጠይቁ መልሱ በአብዛኛው አንድ ነው። ቶኪዮ ካለ ሚኒስቴር ይነሳል፣ ግዛት ላይ ምክትል ሆኖ ይላካል፣ ከዚያ ፓርቲዎች ተስማምተው ያቀርቡታል። ሚኒስቴሮቹ ለዚህ ደረጃ የሚደርሱ ሴቶችን ካልቀጠሩ ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ ለእጩነት የምትቀርብ ሴት አትኖርም።

ኦታ ከዚህች ጠባብ በር ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። በ1951 ሂሮሺማ ግዛት ኩሬ ከተማ ተወለዱ። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምረው በ1975 የዓለም አቀፍ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ገቡ። ዓመቱን ልብ ይበሉ። የሥራ ቅጥር እኩልነት ሕግ የወጣው በ1985 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኩባንያ ተመራቂ ሴትን ለትልቅ የሥራ መስመር አልቀጥርም ብሎ በግልጽ መናገር ይችል ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ፈተና ግን ፈተና ነው፤ ያለፈ ያልፋል። ጎበዝ ሴቶች ወደዚያ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ በ1997 ኦታ የኦካያማ ግዛት ምክትል ገዥ ሆኑ። በ2003 ሆካይዶን የያዙት ሃሩሚ ታካሃሺም ከዚያው ሚኒስቴር የወጡ ናቸው። ከሰባቱ ሁለቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ልጆች መሆናቸው ለጥናትዎ ከሱሞው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

«የሴቶች ንቅናቄ ለሥልጣን ካበቃት በኋላ» ብለዋል። እንዲህ አልሆነም። ከዚህ ስህተት በፊት መታረም ያለበት ሌላ የለም።

የኦሳካ ገዥ የነበሩት ኖክ ዮኮያማ ይባላሉ። ኮሜዲያን ነበሩ። በ1995 ተመርጠው በአፕሪል 1999 በድጋሚ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በዚያው የምርጫ ቅስቀሳ ወቅት፣ በቅስቀሳ መኪናው ውስጥ፣ ስታግዛቸው የነበረች የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጸሙ። ልጅቷ ዝም አላለችም። ከሰሰች። ገዥው ካዱ፤ በሐሰት ወነጀለችኝ ብለው መልሰው እሷን ለመክሰስ ሞከሩ። በዲሴምበር 1999 ፍርድ ቤት 11 ሚሊዮን የን እንዲከፍሏት ወሰነ። በጃፓን የጾታዊ ትንኮሳ ክስ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ይህን የሚያህል ካሳ አልተፈረደም ነበር። በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። በኋላም በወንጀል ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ የ18 ወር እስራቱ በገደብ ሆነላቸው።

ወንበሩ ባዶ የሆነው በዚህ ነው። በአንዲት ስሟን ሕዝብ በማያውቃት ተማሪ ድፍረት። ስለ ፉሳኤ ኦታ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ይህችን ልጅ ዘሎ ሲያልፋት እናደዳለሁ። እርስዎ እንዳይዘሏት።

ከዚያ ፓርቲዎቹ ተሯሯጡ። ምርጫው በሳምንታት ውስጥ ነው። ከዮኮያማ በኋላ ኦሳካን ማን ያጸዳዋል? ከቅሌት የራቀ፣ አስተዳደር የሚያውቅ፣ ከቀድሞው ጋር በምንም የማይመሳሰል ሰው ተፈለገ። ኦታ 48 ዓመታቸው ነበር። የአገሪቱን መንግሥት የያዘው የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ ተቃዋሚው ዴሞክራቲክ ፓርቲና ኮሜይቶ የተባለው ፓርቲ ተባብረው አቀረቧቸው። የሊበራል ዴሞክራቲክ የኦሳካ ቅርንጫፍ ግን «ከቶኪዮ የተላከብንን አንቀበልም» በሚል ስሜት ታትሱቶ ሂራኦካ የተባሉ የትምህርት ተቋም መሪን አቆመ። ኮሚኒስት ፓርቲው ደግሞ ማኮቶ አጂሳካ የተባሉ የፍልስፍና ፕሮፌሰርን ደገፈ። ኦታ ወደ 1.38 ሚሊዮን፣ አጂሳካ ወደ 1.02 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ። ድምፅ የሰጠው ከመራጩ ከግማሽ በታች ነው። ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ «ሴት ትምራን» ያለበት ቀን አልነበረም። ፓርቲዎች ለችግራቸው ሴት ያስፈለገችበት ቀን ነበር። ይህ የኦታን ብቃት አያሳንስም። ዕዳቸው ግን ለማን እንደነበር ያሳያል።

የተረከቡት ቤት ደግሞ ባዶ ነበር። በ1980ዎቹ የጃፓን ኢኮኖሚ ሲነፋ ኦሳካ የባሕር ዳርቻውን እየደለደለ ትልልቅ ግንባታ ውስጥ ገባ። በ1994 የተከፈተው የካንሳይ አየር ማረፊያ ፊት ለፊት «ሪንኩ ታውን» የሚባል አዲስ ሰፈር ተቆረቆረ። 256 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በ1996 እዚያ ቆመ። ፊኛው ሲፈነዳ ኩባንያዎች ከሰሩ፤ የግዛቱ ዋና ገቢ የሆነው የድርጅቶች ግብር አብሮ ወደቀ። ያንን ሕንፃ የሚያስተዳድረው፣ ግዛቱ ገንዘብ ያፈሰሰበት ኩባንያም በ2005፣ በኦታ ዘመን፣ ከሰረ። ግዛቱ ራሱ ማዕከላዊ መንግሥት በሞግዚትነት ከሚይዛቸው ተርታ እንዳይገባ ነበር የዕለት ተዕለት ጭንቀታቸው።

ስለዚህ የሠሩት አብዛኛው ሥራ መቀነስ፣ ማዋሃድና መሸጥ ነው። ሠራተኛ ቀነሱ። የግዛቱን አምስት ሆስፒታሎች በ2006 ራሱን ችሎ ለሚተዳደር ድርጅት አስረከቡ። በ2005 ሦስት የግዛት ዩኒቨርሲቲዎችን አንድ አደረጉ። ከሦስቱ አንዱ የኦሳካ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ባሉበት የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስም መቆሙ አበቃ። ለዚህ የሚከራከሩም የሚቃወሙም አሉ፤ እኔ ገንዘቡ የወሰነው ነገር ነው ባይ ነኝ።

መልካም የሚባልላቸውም አለ። በ2001 ኢኬዳ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ስምንት ሕፃናትን ገደለ። በ2005 መጀመሪያ ደግሞ ኔያጋዋ ውስጥ አንድ አስተማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስለት ተገደለ። ከዚህ በኋላ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ጥበቃ እንዲቆም የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። ያ ሁሉ ወጪ በሚቆረጥበት ዘመን ለዚህ ገንዘብ መገኘቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በ2007 ሻርፕ ሳካይ ከተማ ላይ ግዙፍ የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካ ሊተክል መወሰኑንም ኦታ እንደ ድል ቆጥረውታል፤ ከንግድ ሚኒስቴር ለመጣ ሰው ፋብሪካ ማምጣት ቋንቋው ነው።

አሁን ሱሞው። ኦሳካ ውስጥ በየዓመቱ ማርች ላይ የ15 ቀን ትልቅ ውድድር ይደረጋል። በመጨረሻው ቀን ለአሸናፊው ከሚሰጡት ሽልማቶች አንዱ የገዥው ነው፤ የሚሰጠውም መድረኩ ላይ ተወጥቶ ነው። መድረኩ ከሸክላ አፈር የሚሠራ ከፍታ ነው፤ ክቡ በሩዝ ገለባ ጥቅል ይታጠራል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ዳኞች የካህን ልብስ ለብሰው መሐሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ጨው፣ ሩዝ፣ የደረቀ ስኩዊድ፣ የባሕር አረም፣ የደረቀ ቼስትነትና የካያ ዛፍ ፍሬ ይቀብራሉ። በጃፓን ነባር እምነት በሺንቶ ወግ መድረኩ የተቀደሰ ስፍራ ይሆናል። የሱሞ ማኅበር ደግሞ ሴት እዚያ ላይ አትወጣም ይላል። ኦታ ገና በተመረጡ በወሩ ሽልማቱን ራሴ ልስጥ ብለው ጠየቁ። ማኅበሩ እንቢ አለ። በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ሽልማቱን በእሳቸው ስም ሌላ ሰው፣ ወንድ፣ እየወጣ ሰጠ።

«አዛዥዋ እሷ አይደለችም?» ላሉት፤ አይደሉም። የሱሞ ማኅበር በግዛቱ ሥር ያለ መሥሪያ ቤት አይደለም። የመድረኩን ደንብ የሚያወጣው ራሱ ነው። ገዥው ሊያስገድደው የሚችልበት ሕግ አልነበረም። አንድ ነገር ግን በእጃቸው ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው ናምባ ባለው የግዛቱ ስፖርት አዳራሽ ነው። አዳራሹ የግዛቱ ንብረት ነው! «ደንቡ ካልተለወጠ ቤቴን አላከራይም» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ኦሳካ ሱሞዋን ትወዳለች፤ ለዚህ ምርጫ ማጣት ቀላል ነው። ፓርቲዎች ተስማምተው ያስቀመጡት ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ጠብ ውስጥ ብቻውን አይገባም። ከላይ ዕዳቸው ለማን እንደነበር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

እሳቸው የመጀመሪያዋ ተከልካይ እንዳልሆኑም ይጻፉ። በ1990 የካቢኔ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ማዩሚ ሞሪያማ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዋንጫ ሊሰጡ ጠይቀው ተከልክለዋል። በአፕሪል 2018 ማይዙሩ ከተማ ውስጥ ከንቲባው መድረኩ ላይ እየተናገሩ ሲወድቁ ሴቶች ሮጠው ወጥተው ልባቸውን ማሸት ጀመሩ። ዳኛው በድምፅ ማጉያ «ሴቶች ከመድረኩ ይውረዱ» ሲል ተሰማ። የሰው ነፍስ እየታደጉ! ማኅበሩ ይቅርታ ጠየቀ። ደንቡ ግን አልተነሳም። ጉዳዩ ከኦታ በፊት ነበረ፣ ከኦታ በኋላም አለ። የእሳቸው የፖለቲካ ሕይወት መለኪያ ካደረጉት ሰውዬዋን ያጣሉ።

በ2004 በድጋሚ ተመረጡ። የታወቀው የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች ታኬኖሪ ኤሞቶ ተፎካካሪያቸው ነበር። ሦስተኛው ግን አልመጣም። በ2007 መጨረሻ ሁለት ነገር ተደራረበባቸው። አንደኛ፣ ከግዛቱ ጋር ውል ያላቸው ድርጅቶች ያሉበት የነጋዴዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ እየተናገሩ ከፍ ያለ ክፍያ መቀበላቸው ወጣ። የፖለቲካ ድርጅታቸው የቢሮ ወጪ ሒሳብም ጥያቄ ተነሳበት። ሁለተኛ፣ ግዛቱ ዕዳውን ከተለመደው በላይ ወደፊት እየገፋ የበጀት ጉድለቱ አንሶ እንዲታይ ማድረጉ ተዘገበ። በክፍያው ጉዳይ የደገፏቸው ፓርቲዎች ፊታቸውን አዞሩ። በዲሴምበር እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። በጃንዋሪ 2008 የ38 ዓመቱ ጠበቃና የቴሌቪዥን ሰው ቶሩ ሃሺሞቶ አሸነፉ፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡም የገንዘብ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ።

እዚህ ላይ ሁለት ጎራ ያገኛሉ። አንዱ «ሴት ስለሆኑ ነው የጣሏቸው» ይላል። ሌላው «ሴት ሞክረን አየን» ይላል። ሁለቱንም አይቀበሉ። ክፍያውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። ግን ከዮኮያማ በኋላ ማንም «ከእንግዲህ ወንድ ገዥ ይቅርብን» አላለም። የአንዲት ሴት ጥፋት የሴቶች ሁሉ ፈተና ሲደረግ ይህ ትልቅ በደል ነው፤ ጥናትዎ ይህን በግልጽ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።

ኦታም ከፖለቲካ አልጠፉም። በ2013 በሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም የላይኛው ምክር ቤት ገቡ፤ በ2019 ኦሳካን ወክለው ተመረጡ። በ2022 የኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። በ1975 ጀማሪ ሆነው የገቡበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል።

«ለሴቶች ምን ሠራች?» የሚለው መልስ አጭር ነው። በመቀመጣቸው የሠሩት በፖሊሲ ከሠሩት ይበልጣል። ከ2000 ፌብሩዋሪ በፊት «ሴት ገዥ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሁለት ወር ገደማ ሁለተኛዋ መጣች። ሺዮታኒ የመጡት ገዥው በሥልጣን ላይ እያሉ ስለሞቱ ነው፤ ምክትላቸው ነበሩ። ያኔ ኩማሞቶ «ሴት ትችላለች ወይ?» ብላ ከዜሮ መጀመር አላስፈለጋትም። ገደቡም ግን ግልጽ ነው። እስከ 2016 በ16 ዓመት የተጨመሩት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ግዛቶቹ 47 ናቸው። በ2018 ፓርቲዎች የወንድና የሴት እጩዎችን ቁጥር ለማመጣጠን እንዲጥሩ የሚጠይቅ ሕግ ወጣ፤ ባይጥሩ የሚደርስባቸው ቅጣት ግን የለም። በኦክቶበር 2025 ሳናኤ ታካኢቺ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸውም የሴት ገዥዎቹን ቁጥር አይለውጠውም።

ጥናትዎን በኦታ ላይ ያድርጉት። ብቻቸውን ግን አይደለም። ከሺጋዋ ዩኪኮ ካዳ ጋር ያነጻጽሯቸው። ካዳ የቢዋ ሐይቅን ኑሮ ያጠኑ የአካባቢ ሶሺዮሎጂ ምሁር ናቸው። በ2006 ትልልቆቹ ፓርቲዎች የደገፉትን ነባር ገዥ የረቱት ሪቶ ላይ ሊሠራ የታሰበው የፈጣን ባቡር ጣቢያ ብክነት ነው ብለው ነው። ጣቢያው ቀረ። አንዷ ከላይ በፓርቲ ስምምነት፣ ሌላዋ ከታች በነዋሪ ድጋፍ። ሰባቱንም በአንድ ጥናት ልያዝ ካሉ ግን ስምና ዓመት ብቻ ይዘው ይቀራሉ፤ ያንን አይሞክሩት። ጥያቄዎን «ሴት ገዥ በየትኛው መንገድ መጣች? መንገዱስ ከተቀመጠች በኋላ ምን ፈቀደላት? ምን ከለከላት?» ወደሚለው ያጥብቡት። ሱሞው አንድ ገጽ ይበቃዋል። የ2000፣ የ2004 እና የ2008 የኦሳካ ምርጫዎች ግን እያንዳንዳቸው ምዕራፍ ይገባቸዋል፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከ1999 የፍርድ ቤት ክስ ይጀምሩት።